«የቀትር እንቅልፍ» የሚለው ቁልፍ

ቤታችን ውስጥ አምስት ሪሞት ነበረን። አንዱ የቴሌቪዥኑ፣ አንዱ የሪሲቨሩ፣ አንዱ የስፒከሩ፣ አንዱ የቬንትሌተሩ ነው፤ አምስተኛው የምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም፣ ቢሆንም ሊጥለው የደፈረ የለም። ባለቤቴ ሁሉንም ላስቲክ አልብሳ፣ ጫፋቸውን በጎማ አስራ ጠረጴዛው ላይ ትደረድራቸዋለች። እኔ ደግሞ ችኩል ሰው ነኝ። ድምፅ ልቀንስ ብዬ ቬንትሌተር አጠፋለሁ፣ ቬንትሌተር ላስነሣ ብዬ ቻናል እቀይራለሁ፤ ከዚያ ጥፋቱ የሪሞቱ ይመስል ጭኔ ላይ ደጋግሜ እመታዋለሁ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ በመሥሪያ ቤቱ የሚከበር ሰው ከሪሞት ጋር ሲደባደብ ማየት ለባለቤቴ ከየትኛውም ፕሮግራም ይበልጥባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለእሷ ነጠላ ጫማ ልገዛ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ወረድኩና ታች ስክሪን ሪሞት ይዤ ተመለስኩ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ነጋዴው ከጓዳ አወጣው፤ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም፣ ፊቱ እንዳለ መስታወት ነው፣ ሲነኩት ይበራል። የአምስቱንም ሥራ ብቻውን ይሠራል፣ እንደፈለግክ ታስተምረዋለህ አለኝ። ጉልበቱስ እንዴት ነው ብዬ እንደ አዋቂ ስጠይቀው፣ ከመንገድ ማዶ ሆነህ ብትነካው ወላሂ ይሠራል ብሎ ማለልኝ። እኔም ከመንገድ ማዶ ሆኜ ቴሌቪዥን የማበራበት ምን ጉዳይ እንዳለኝ ሳላስብ ደስ ብሎኝ ገዛሁት። ነጠላ ጫማው እዚያው ታይዋን ቀረ።

ማስተማሩ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መመሪያው በቻይንኛ ስለሆነ ሥዕሉን እያየሁ ነው የሠራሁት። የድሮውንና አዲሱን ግንባር ለግንባር አጋጥመህ ታስተኛቸዋለህ፤ የድሮውን ትጫናለህ፣ አዲሱ ጢጥ ይልና ትምህርቱን ይቀበላል። እንዲህ እያልኩ የአራቱንም ሥራ አንድ በአንድ አስጠናሁት። አምስተኛውንም ጨመርኩለት፣ ምናልባት አንድ ቀን የምን እንደሆነ ይነግረኝ ይሆናል ብዬ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ነክተህ አራት አምስት ትዕዛዝ በተከታታይ እንዲልክ ማድረግ እንደሚቻል ደረስኩበት። ልቤ አበጠ።

የራሴን ቁልፎች ፈጠርኩ። ሪሞቱ ፊደላችንን ስለማያውቅ ስማቸውን በጣቴ እየጻፍኩ አስገባሁ፤ ጽሕፈቴ የሐኪም ይመስላል፣ ግን ለእኔ ይነበበኛል። «ዜና» አለ። «ኳስ» አለ። «እንግዳ መጣ» የሚል አለ፤ እሱ ሲነካ ድምፁ ይቀንስና ከሬስሊንግ ወደ ቁም ነገር ይዛወራል፣ እኔም ቀኑን ሙሉ ቁም ነገር ሳይ የዋልኩ እመስላለሁ። የሁሉም አለቃ ግን «የቀትር እንቅልፍ» ነበር። ቴሌቪዥኑን፣ ሪሲቨሩንና ስፒከሩን ያጠፋል፣ ቬንትሌተሩን ሦስት ቁጥር ላይ ያደርጋል። ጓደኛው «ተነሥ» ይባላል፣ የጠፋውን ሁሉ መልሶ ያበራል። ባለቤቴን ጠርቼ በኩራት አሳየኋት። እጇን አጣጥፋ አየችና፣ አንተን የሚያጠፋ ቁልፍስ የለውም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ መስታወቱን ከእጄ ወስዳ ላስቲክ አለበሰችው።

ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው የቀትር እንቅልፍ ስንፍና ሊመስለው ይችላል። እኛ ጋ ሕግ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፣ የደቻቱ ድልድይ ላይ እንኳ ሰው አይታይም። በር ዘግቶ መተኛት ደግሞ የለም፤ በርና መስኮት ተከፍቶ፣ መጋረጃው ወደ ላይ ታስሮ፣ ነፋስ ከየትም ትምጣ ተብሎ ይጠበቃል። የኛ ግቢ ጠባብ ነው። በራችን ከአዴ በር ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላችን አንድ የኒም ዛፍና አሥር እርምጃ ብቻ አለ። አዴ፣ እናቴ እንደማለት ነው፣ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ እንደ እናት የሚያያቸው ሴት። የኔ ቴሌቪዥን በሩ አጠገብ ጥግ ላይ ነው፤ የእሳቸው ከበራቸው ትይዩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቴሌቪዥኖቹ፣ ሪሲቨሮቹም ጭምር፣ አንድ ዓይነት ናቸው። ከባለቤታቸው ከሀጂ ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ነው የገዛናቸው፤ የመረጥኩትም እኔ ነኝ፣ ስለማውቅ።

ሀጂ ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸው ነበር። በሕይወት ሳሉ፣ የዙሁር ሶላት ተሰግዶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑን ያጠፉና አዴን «በቃሽ፣ ተኚ» ይሏቸዋል፤ ድምፃቸው ግቢውን ተሻግሮ እኔ ጋ ይደርስ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ራሳቸው መልሰው ይከፍቱና ዜና ይሰማሉ፤ እኔም በእሳቸው ሰዓት መተኛትና መነሣት ለምጄ ነበር። ከሞቱ በኋላ አዴ ቴሌቪዥኑን ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ያደርጉት ጀመር፤ ቤቱ ጭር ሲል አልወድም ይላሉ። ቀትር ላይ መተኛትም ትተው ነበር። ዓይናቸው ሥር ጠቁሮ፣ ልብሳቸው እየሰፋቸው ሲሄድ ሁላችንም እናያለን፣ ግን ምን እናድርግ?

ሪሞቱን በገዛሁ በሳምንቱ አዴ አስጠሩኝ። ቴሌቪዥኑ በገዛ እጁ እየጠፋ አስቸግሯቸዋል። እኔ የሠፈሩ የኤሌክትሮኒክስ ሊቅ ነኝና ብሎን መፍቻዬን ይዤ ሄድኩ። ሊቅ ያለኝ ማንም የለም፣ ራሴ ነኝ። ጀርባውን ፈታሁ፣ አቧራውን እፍ አልኩ፣ ያየሁት ነገር የገባኝ ይመስል «እህ» አልኩ፣ መልሼ ገጠምኩ፤ አንዲት ብሎን ተረፈችኝ፣ ማንም ሳያይ ኪሴ ከተትኳት። መብራቱ ስለሚዋዥቅ ነው ብዬ ፈረድኩና ከቤቴ ስታብላይዘር አምጥቼ ቀጠልኩላቸው። አጠገቡ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ድኗል ብዬ ተመርቄ ወጣሁ፣ ቤቴ ገብቼ ሶፋዬ ላይ ተዘረጋሁ፣ «የቀትር እንቅልፍ»ን ነካሁ።

በማግስቱም ያው ሆነ። እኔ አጠገቡ ስሆን ይሠራል፣ ቤቴ ስገባ ይጠፋል። ይህን ያየ ሊቅ ምን ደመደመ መሰላችሁ? ማሽን እንኳ ባለሙያ ያከብራል ብሎ ደመደመ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ቢጤ ነው።

ከዚያ ወዲህ አዴ ማማረር አቆሙ። ምክንያቱን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። አዴ እንዳጫወቷት፣ ቴሌቪዥኑ የሚጠፋው በሆነ ባልሆነው ሰዓት አይደለም፤ በሀጂ ሰዓት ነው፣ ዘጠኝ ሲሆንም ራሱ ይነሣል። ማታ፣ ትንኝ እንዳይገባ በራቸውን ሲዘጉ፣ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ሲጠፋ እሺ ብለው ፍራሻቸው ላይ ጋደም ይላሉ፣ ሲነሣ ይነሣሉ። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ እኔ ሳቅኩ። አዬ፣ አዴም እርጅና መጣባቸው አልኩ። ያን ስል እጄ ላይ ያ መስታወት ነበር።

በመካከሉ ለመሥሪያ ቤት ሥራ ጀልዴሳ ሄጄ ሦስት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ባለቤቴ፣ አዴ ሦስቱንም ቀን ቀትር ላይ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ዋሉ፣ ቴሌቪዥኑም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም ብላ ነገረችኝ። እኔ ደስ አለኝ። አየሽ፣ ስታብላይዘሩ አሁን ሥራ ጀመረ አልኳት። በማግስቱ ቀትር ላይ ሲጠፋ ስታብላይዘሩን ተራገምኩ። ግን እውነቱን ለመናገር አዴ አምሮባቸው ነበር። ፊታቸው ሞላ፣ ከኒሙ ሥር ወጥተው ከባለቤቴ ጋር መጫወት ጀመሩ፤ እኔንም ሲያገኙኝ፣ አቦ ያ ስታብላይዘርህ ጉድ ነው እያሉ ያሾፉብኛል።

ወሬው ሐረር ደረሰ። አዴ እዚያ ያገባች አንድ ልጅ አለቻቸው፤ በስልክ እንደምን ሰነበትሽ ስትላቸው በየዋህነት ነገሯት። ልጅቷ ደነገጠች። ረቡዕ አመሻሽ ላይ መጣችና፣ እናቴ ብቻዋን ሆና አእምሮዋ እየተነካ ነው፣ ይዣት እሄዳለሁ፣ ቤቱም ይቆለፋል አለች። አዴ እምቢ አሉ። አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው፤ ልጃቸውን የወለዱበት፣ ሀጂን ያስታመሙበት። የሰው ቤት ጥግ ይዤ መቀመጥ አልፈልግም፣ የሐረርን ብርድም አልችልም አሉ። አላበድኩም፣ እውነቴን ነው፣ ይጠፋል እያሉ ቢምሉ ግን የሚያምናቸው አላገኙም።

በመጨረሻ ልጅቷ ወደኔ መጣች። ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ ፈትተው አይተውታል፣ እውነት ችግር አለበት ወይ ብላ በጨዋ አንደበት ጠየቀችኝ። እኔም ሙያዬ ተከበረ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ቴሌቪዥኑ ምንም አይልም፣ በእጄ አረጋግጫለሁ አልኳት። አዴ በራቸው ላይ ቆመው ይሰሙኝ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ውስጥ ገቡ። ጉዞው ለቅዳሜ ተቆረጠ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ምሳዬን በልቼ ሶፋዬ ላይ ተጋደምኩ። ማዶ ልጅቷ የእናቷን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ስትከት በተከፈተው በር ትታየኛለች። «የቀትር እንቅልፍ»ን ነካሁ። ቴሌቪዥኔ ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ተነሣ፣ ከማዶ ይሰማ የነበረው ድምፅም ቀጥ አለ። ልጅቷ ልብስ እንደያዘች ዞራ ግድግዳውን አየች። ከሶፋው ቀና አልኩ። «ተነሥ»ን ነካሁ፤ ማዶ ድምፁ ተመለሰ። እንደገና «የቀትር እንቅልፍ»ን ነካሁ፤ ጠፋ። እንደገና «ተነሥ»፤ መጣ። ነጋዴው የማለው መሐላ ትዝ አለኝ፤ ምስኪን፣ እውነቱን ነበር። ከቴሌቪዥኔ ጎን በሬ፣ ከበሬ ማዶ የአዴ በር፣ ከበራቸው ማዶ ግድግዳቸው ላይ ያ እኔው የመረጥኩት ቴሌቪዥን፤ ሁሉም በአንድ መስመር ተሰልፈው ሁለት ወር ሙሉ ፊቴ ላይ ተደቅነው ከርመዋል። ላብ አጠመቀኝ።

የሚቀጥለውን ስጽፍ አፍራለሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አዴ አልነበረም፣ ስለ ራሴ ነው። ሠፈሩ ሲሰማ ምን ይለኛል? ስታብላይዘሩስ? ያቺ ኪሴ የከተትኳት ብሎንስ? ዝም ብዬ ቴሌቪዥኔን ወደ ሌላው ጥግ ባዞረው ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል፣ አዴም ሐረር ሄደው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይጫወታሉ፣ ምን ይጎዳሉ ብዬ ለራሴ ስሰብክ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ለካ ቆማ ስታየኝ ቆይታለች። እጄን አየች፣ ማዶውን አየች፣ ገባት። እሷ ነገር ለመረዳት ብሎን መፍቻ አያስፈልጋትም።

«ሰው ከቤቱ ሊወጣ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንተ ስለ ስምህ ታስባለህ?»

ሪሞቱን ይዤ ተሻገርኩ። ነገሩን ሳስረዳ ልጅቷ አላመነችኝም፤ እናቷን ላስቀር ብዬ የምዋሽ መሰላት። እንግዲያው ላሳይሽ ብዬ ብነካው እምቢ አለ። ጣቴ በላብ ርሷል፣ ላስቲኩም ተጨማዷል። ጣቴን በሸሚዜ ጠርጌ ስደግመው ሌላ ቦታ ነካሁ መሰለኝ፣ የአዴ ግድግዳ ላይ ሁለት ራቁታቸውን የሆኑ የሬስሊንግ ጎረምሶች ሲተናነቁ ታዩ። አዴ አስተግፊሩላህ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት። ነካሁት፣ ጠፋ። ነካሁት፣ በራ። ወደ ቤቴ ሮጬ ሶፋዬ ላይ እንደ ሁልጊዜው ተጋድሜም አጠፋሁት፤ ዋናው ምስክርነት እሱ ነበር። ተመልሼ ስመጣ ልጅቷ አፏን ይዛ ቆማለች።

«እናትሽ ደኅና ናቸው» አልኳት። «የምታሳክሚው ሰው ከፈለግሽ እኔን አሳክሚኝ።»

መጀመሪያ ተቆጣች፣ ደግሞም ልክ ነች። ቀጥሎ ሳቋ መጣባትና ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ያኑ ዕለት ልብሱን አውጥታ ወደ ቦታው መለሰች፤ ቅዳሜ ብቻዋን ሄደች። ሠፈሩም የሚገባኝን አልነፈገኝም። እስከ ዛሬ ድረስ የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ሲያዩኝ ስታብላይዘር ብለው ይጠሩኛል።

አዴ ግን አልሳቁም። አልሐምዱሊላህ፣ እንዳላበድኩ አወቃችሁ አሉ፣ በቃ። ከዚያ ተነሥተው ቴሌቪዥኑን በገዛ እጃቸው አበሩና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። ቤታቸውን አስቀረሁላቸው፣ ሀጂን ግን ሁለተኛ ቀበርኩባቸው። ባለቤቴ ቡና ሰጠችኝ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ቴሌቪዥኔን ወደ ወዲያኛው ጥግ አዞርኩት። ሪሞቱን ከአምስቱ ሽማግሌ ሪሞቶች ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ቀትር ላይ ተነሥቼ በእጄ አጠፋለሁ፣ በእጄ ቬንትሌተር አስነሣለሁ። የአዴ ቴሌቪዥን ግን ሰባት ሰዓትም አለፈ፣ ስምንትም አለፈ፣ ባዶ ግቢ ላይ ይለፈልፋል። አይተኙም። በተከፈተው በር ፍራሻቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ማየታቸውን እንጃ፣ ዓይናቸውን እሱ ላይ ተክለው ይታዩኛል። ይኼን እያየሁ እኔም እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ እያዛጋሁ መዋል ጀመርኩ። ዓይናቸው ሥር ተመልሶ ጠቆረ።

ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ አዴ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ያ መስታወትህ ተበላሸ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልተበላሸም አዴ፣ እርስዎን እንዳላስቸግር ብዬ ነው ያስቀመጥኩት አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሙት ሪሞት አይዝም፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም» አሉ። «ግን በሰዓቱ በቃሽ፣ ተኚ የሚለኝ ነበር። አሁን ማን አለኝ?»

አርባ ገጽ በቻይንኛ የተጻፈ መመሪያ አንድም ቦታ ላይ ይህን አይልም። ገብቼ ቴሌቪዥኑን እየጎተትኩ ወደ ድሮ ቦታው መለስኩት፣ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ሪሞቱን ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ባለቤቴ ሳልነግራት አዲስ ላስቲክ ይዛ መጣች። ሰባት ሰዓት ላይ ነካሁት።

ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው። ስብሰባው ወደ ቀትር ሲገፋ ሰበብ ፈጥሬ እወጣለሁ፤ አለቃዬ የእንቅልፍ በሽታ ያለብኝ ይመስለዋል፣ ይምሰለው። ጀልዴሳ የምሄደው ሪሞቱን ለባለቤቴ አደራ ሰጥቼ፣ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ ነግሬያት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግን ባጃጅ አጣሁና በዚያ ፀሐይ በእግሬ ስሮጥ አሥር ደቂቃ አሳለፍኩ፤ ባለቤቴም ለቅሶ ሄዳ ነበር። ስደርስ አዴ ፍራሻቸው ላይ ተጋድመው፣ ዓይናቸውን የኔ በር ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ላቤን ሳልጠርግ ነካሁት። ቤታቸው ጸጥ አለ።

«ሀጂ አንድ ቀን እንዲህ አርፍደው አያውቁም» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።